የሁለት ተኩል ባር ጉዳይ
(የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ለመምረጥ የተሰየመው የቤተሰብ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ)

ቀን፦ ሐሙስ። ወሩንና ዓመቱን በተመለከተ ሊቀመንበሩ "ሁሉም ሰው የሚያውቀውን መጻፍ ቀለም ማባከን ነው" ስላሉ አልተጻፈም።

ሰዓት፦ ለአሥር ሰዓት ተጠርቶ አሥር ተኩል ላይ በሰዓቱ ተጀመረ።

ቦታ፦ የባለ መኪናው ግቢ፣ መኪናው ውስጥ። ስብሰባው ሳሎን እንዲደረግ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ሳሎኑ በዚያው ቤት የሚኖሩት እትዬ በሚሰፏቸው የተማሪ ደንብ ልብሶች ከሶፋ እስከ ጣራ ስለተሞላ፣ ውጭ ደግሞ ስለሚያካፋ፣ ኮሚቴው ወደ መኪናው ተዛውሯል።

የተገኙ፦
1. ጋሼ ሥነ ሥርዓት፣ የቤተሰቡ ታላቅ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር — ሊቀመንበር
2. እትዬ፣ የሊቀመንበሩ ታናሽ እህት፣ ልብስ ሰፊ — አባል
3. ኋላ ማርሽ፣ የሁለቱ ታናሽ ወንድም፣ የመኪናው ባለቤት። ስሙ የወጣላቸው አንድ ነገር ተናግረው ከአፋቸው ሳይወጣ ስለሚመልሱት ነው — አባል
4. አማችየው፣ የጸሐፊው እህት ባል፣ መድኃኒት ቤት ያላቸው — አባል
5. የተራ ቁጥር አንድ፣ ሁለትና ሦስት የወንድም ልጅ፣ የተራ ቁጥር አራት የሚስት ወንድም — ጸሐፊ። ድምፅ የለውም። እግር ግን አለው፤ ምክንያቱ ከታች ይታያል።

ያልተገኙ፦ የጸሐፊው እናትና አባት። "ከእነሱ ጋር ተሰብስበን ልጅ አንድርም፤ የወሰኑት ይሁን" ብለው ሙሉ ውክልና ሰጥተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ እትዬ ምድጃ ላይ የጣዱትን ድስት ለመጠበቅ አንድ እግራቸውን ከመኪናው ውጭ በማድረጋቸው፣ ሊቀመንበሩ እንደ ግማሽ አባል እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቅርበው ነበር። እትዬ "ጋሼ፣ ግማሽ ሰው የምታይብኝ የቱ ጋ ነው?" ብለው ሲጠይቁ ሐሳቡ ወዲያው ተነሥቶ ምልዓተ ጉባኤው በሙሉ ሰው መሟላቱ ተረጋግጧል።

ከአጀንዳ በፊት የተነሣ የመቀመጫ ጉዳይ

ሊቀመንበሩ ሊቀመንበር ማለት የመንበር አለቃ ማለት ስለሆነ ከመሪው ፊት ያለው ወንበር የእሳቸው መሆኑን አስረድተዋል። ኋላ ማርሽ በበኩላቸው በሠላሳ ዓመት ሹፍርና ዘመናቸው መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው መሪ ይዞ እንዳላዩ ገልጸዋል። መኪናው እንደማይንቀሳቀስ ቢነገራቸውም "ቆሞም ቢሆን መኪና መኪና ነው" ብለዋል። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ሊቀመንበሩ ጋቢና እንዲቀመጡ፣ ክላክሱን ግን እጃቸውን ዘርግተው ለሥርዓት ማስከበሪያ እንዲጠቀሙበት ተወስኗል። እትዬ፣ አማችየውና ጸሐፊው ከኋላ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው መሐል ስለሆነ ይህ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በአማችየው ጉልበት ላይ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈው ጉዞ ሪፖርት

ሊቀመንበሩ ኮሚቴው ለምን እንደተቋቋመ ለቃለ ጉባኤው እንዲገለጽ ስላዘዙ እንደሚከተለው ተገልጿል።

ጸሐፊው ሊያገባት የሚፈልጋት አስተማሪ የወላጆቿ ቤት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ውኃ የለውም፤ አሸዋ ግን አለው፣ ያውም መኪና የሚውጥ። ወደ አሸዋው ከመግባት በፊት ጎማው እንዲተነፍስ ይደረጋል፤ ሰፋ ብሎ ካልተኛ ይሰምጣል። ማዶ አስፋልቱ ሲጀምር ደግሞ ጎማው ተመልሶ መነፋት አለበት። የልጅቱ አባት ጎሚስታ ናቸው። ጎማ ቤታቸው ከመኖሪያቸው ጋር አንድ ግቢ ሲሆን፣ በርሜል የሚያህል ቀይ ኮምፕሬሰር ደጁ ላይ ተተክሎ ከአሸዋው ዳር ይታያል።

ባለፈው ጉዞ ኋላ ማርሽ እዚያው ሄደን እናስነፋ ብለው ነበር። ሊቀመንበሩ ግን "እኛ ልጅ ጠያቂ እንጂ ደንበኛ አይደለንም! በተነፈሰ ጎማ ጎሚስታ ደጅ ቆመን ገና ከበሩ ንፋስ ስንለምን ምን ይሉናል?" በማለት ከልክለዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ሱፍ ልብሱን እንደለበሰ አራቱንም ጎማ በእግር ፖምፓ ነፍቷል። አባላቱም አስተዋጽኦ አድርገዋል፦ ኋላ ማርሽ "በርታ" ብለዋል፤ አማችየው የልብ ትርታውን ይዘዋል፤ እትዬ ኮቱን ይዘዋል፤ ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ይዘዋል።

ከዚያ ቤት ሲገባ የጸሐፊው ጉልበት ይንቀጠቀጥ ስለነበር የሻይ ብርጭቆው በማስቀመጫው ላይ ሲንኳኳ መላው ቤት ሰምቷል። የልጅቱ አባት ለረጅም ጊዜ ተመልክተውት "ልጁ ፈርቶ ነው ወይስ ታሞ?" ብለው ጠየቁ። ሲሸኙም "እናስብበት" ብቻ አሉ።

ኮሚቴው "እናስብበት" የሚለውን ቃል መርምሮ፣ ልጁ አቅም የለውም ማለት መሆኑን በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል። የፊታችን እሑድ ሁለተኛው ጉዞ ነው። ጸሐፊው ለሦስተኛ ጊዜ የሚጠይቅ ፊት እንደሌለውና ይህ ጉዳይ የሕይወቱ ጉዳይ መሆኑን ለመግለጽ ሲጀምር፣ ድምፅ እንደሌለው ተነግሮት ወደ ጽሑፉ ተመልሷል።

በዚህ መሐል የጸሐፊው ስልክ ጮኸ። ሊቀመንበሩ "ሥነ ሥርዓት!" ብለው ክላክስ ስለመቱ ስልኩ ተዘጋ። የጎረቤት ውሻ ግን አልተዘጋም።

አጀንዳ ሁለት፦ የኮምፕሬሰር ምርጫ

አማችየው ለሙከራ የተዋሱትን ትንሽ ኮምፕሬሰር አቅርበዋል። የጫማ ካርቶን የምታህል ስትሆን የምትሰካው መኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ ነው። ኋላ ማርሽ በበኩላቸው ሱቅ ያዩትን ትልቁን፣ በሁለት መቆንጠጫ ባትሪው ላይ የሚነክሰውን ደግፈዋል።

አማችየው ከምርጫው በፊት ታካሚው መመርመር አለበት በማለት ወርደው የግራውን የኋላ ጎማ በመለኪያ ለክተዋል። ሲመለሱም ፊታቸው ተለዋውጦ ግፊቱ ሠላሳ አምስት መሆኑን፣ በሥራ ዘመናቸው በሠላሳ አምስት ግፊት ቆሞ የሄደ ፍጡር አይተው እንደማያውቁ አስታውቀዋል። ኋላ ማርሽ መለኪያው ሁለት ዓይነት ቁጥር እንዳለው፣ እሳቸው የሚያውቁት ባር የተባለውን የንፋስ ልክ ብቻ እንደሆነ ካስረዱ በኋላ ጉዳዩን በሚከተለው ዐረፍተ ነገር አጠቃለዋል፦ "ምንም የሚያስቸግር ነገር የለውም፤ አሸዋው ላይ አንድ ባር፣ አስፋልት ላይ ስንወጣ ሁለት ተኩል ባር፣ በቃ!"

እትዬ በዚህ ጊዜ ድስቱን አማስለው ሲመለሱ ስለነበር የሰሙት ይህንኑ ብቻ ነው። የመኪናውን በር ይዘው ቆመው የሚከተለውን ተናግረዋል፦ "ልጅ ልትጠይቁ ነው የምትሄዱት ወይስ ልትሰክሩ? መንገድ ላይ ሦስት ተኩል ባር? ደግሞ ግማሿ ባር ምንድን ናት፣ በራፉ ላይ ቆማችሁ ነው የምትቀምሱት?"

ኋላ ማርሽ ባሩ የሚገባው ጎማው ውስጥ እንጂ ሰው ውስጥ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞክረዋል። እትዬ "ጎማ ውስጥ ደብቃችሁ ነው እንዴ?" ብለዋል። ሊቀመንበሩ ለአርባ ዓመት ተማሪ ሲመክሩ የኖሩ ሰው በመሆናቸው የመጠጥ ነገር ሲነሣ ሌላውን አይሰሙም፤ ስለሆነም ወዲያው ድምፅ እንዲሰጥ አድርገዋል። በውጤቱም እሑድ በመሄጃም ሆነ በመመለሻ፣ በአሸዋም ሆነ በአስፋልት፣ ባር የሚባል ነገር እንዳይኖር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ኋላ ማርሽም እጃቸውን አውጥተዋል። በኋላ ሲጠየቁ "እትዬ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ምን ላድርግ?" ብለዋል።

የጸሐፊው ስልክ ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። ክላክስ ተመታ። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያም ኋላ ማርሽ የተወሰነው ነገር ምን ማለት እንደሆነ በቃል ማስረዳት ስላልቻሉ በተግባር ለማሳየት ወርደው የግራውን የኋላ ጎማ ሙሉ በሙሉ አስተነፈሱ። "ይኸውላችሁ ዜሮ ባር!" አሉ። በዚህ ጊዜ ጉባኤው ወደ ግራ አዘነበለ። ተመልሰው የተቀመጡት እትዬ ጸሐፊው ላይ፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ፣ ቃለ ጉባኤው አማችየው ላይ ወድቀዋል።

ሊቀመንበሩ በአንድ ወገን ያጋደለ ጉባኤ እንደማይመሩና በኮሚቴው ውስጥ አድልዎ እንደማይፈቀድ አስጠንቅቀው፣ ለፍትሐዊነት ሲባል የቀኙም የኋላ ጎማ እንዲተነፍስ አዘዋል። ሲተነፍስ ጉባኤው ወደ ኋላ ተንጋለለ። ሊቀመንበሩ ጣራውን እያዩ መምራት ስላቃታቸው የፊቶቹም እንዲስተካከሉ አዘዋል። በመጨረሻ ጉባኤው በአራቱም ማዕዘን እኩል ዝቅ ብሎ ተረጋግቷል። ኋላ ማርሽ አራተኛውን ካስተነፈሱ በኋላ ምን እንዳደረጉ ገብቷቸው "ምን ነክቶኝ ነው?" ሲሉ ተሰምተዋል።

አማችየው ይህ ኮምፕሬሰሯን ለመፈተን ጥሩ አጋጣሚ ነው በማለት ሶኬቷን ወደ ሲጋራ መለኮሻው ወሰዱ። እትዬ "ባሩን ስንከለክላችሁ ሲጋራው መጣ?" ብለው ጠይቀዋል። በዘራቸው የሚያጨስ እንደሌለ፣ ኮሚቴው እንዲህ ያለ ነገር ለምዶ ወደ ሰው ቤት ይዞ ቢሄድ ልጅቱን እሳቸው ራሳቸው እንደማይሰጡ ጨምረው ገልጸዋል። ልጅቱ የእሳቸው እንዳልሆነች የነገራቸው የለም።

ኮምፕሬሰሯ ተሰክታ ሥራ ጀመረች። ድምፅዋ ከፍተኛ በመሆኑ ቀጣዩ ውይይት የተካሄደው በጩኸት ነው። ሊቀመንበሩ መመሪያዋን ሲያነቡ፣ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራች በኋላ ያንኑ ያህል ማረፍ እንዳለባት የሚል አገኙ። "ይቺ ደግሞ ሠራተኛ ናት? እኔ ዳይሬክተር ሳለሁ እንዲህ ያለውን በሁለት ማስጠንቀቂያ አሰናብቼዋለሁ!" ብለው ጮኹ። ዕረፍት እንደማይሰጣትም ወሰኑ። ኮምፕሬሰሯ ጥቂት ታግሳ፣ ቀጥላ አጨሰች፣ ፊውዙን አቃጠለችና ዝም አለች። እትዬ "አላልኳችሁም? ሲጋራ መጨረሻው ይኸው ነው" ብለዋል። ጎማው እንደተኛ ነው።

የቀረው ትልቁ ስለሆነ፣ ባትሪ ላይ የሚነክሰው እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቀለሙ ሳይደርቅ ኋላ ማርሽ "የኔን ባትሪ ማንም አይነክሳትም፤ እሷ ራሷ ጠዋት ጠዋት ተለምና ነው የምትነሣው" ብለው ውሳኔው ተሰረዘ። ራሳቸው ያቀረቡት ሐሳብ መሆኑ ሲነገራቸው "አቅራቢው እኔ፣ አንሺው እኔ፤ እናንተን ምን ቸገራችሁ?" ብለዋል።

አማችየው ንፋሱ ከመጀመሪያውም ባይወጣ መሙላት እንደማያስፈልግ፣ ያልታመመ መድኃኒት እንደማይገዛ አስረድተው፣ አሸዋውን በተነፋ ጎማ እናቋርጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በብልህነቱ ተደንቆ በሦስት ድምፅ አለፈ። ኋላ ማርሽ በተነፋ ጎማ ከገባን መሐል ላይ እንሰምጣለን ሲሉ ሊቀመንበሩ ወደ ኋላ ዞረው ጸሐፊውን ተመለከቱት፤ ከዚያ "የሚገፋ አለ" አሉ። ጸሐፊው ድምፅ ስለሌለው ይህም አለፈ።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ክላክሱን ሲመቱት ፊውዙ በመቃጠሉ አልጮኸም። ስለዚህ ስልኩን የሚያስቆም ሥርዓት አልነበረም። እትዬ ከጸሐፊው እጅ ቀምተው አነሡት፤ ሁሉም እንዲሰማም ድምፁን ከፈቱት።

ልጅቱ ነበረች። "አንተ ስልክ የማታነሣው ምን ሆነህ ነው?" አለች። እትዬ "ጸሐፊ ሆኖ ነው፣ የኔ ልጅ" ብለው መለሱላት። ልጅቱ ደነገጠች፤ ይቅርታ ጠይቃም አባቷ ከቀትር ጀምሮ ሊያናግሯቸው እየፈለጉ መሆኑን ተናገረች።

የልጅቱ አባት ስልኩን ተቀበሉ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የተናገሩት እንዲህ ተመዝግቧል፦ "እሑድ ትመጣላችሁ አሉ። አሸዋው ዘንድሮ ክፉ ነው፤ ጎማውን ደህና አድርጋችሁ አስተንፍሱት። ደግሞ እንዳለፈው አታስቀይሙኝ።"

ሊቀመንበሩ በምን እንዳስቀየሟቸው በትሕትና ጠየቁ።

"በምን? ያን ዕለት የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይዤ ደጄ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፣ እናንተ ማዶ ቆማችሁ በእግር ትነፋላችሁ! አገር ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚያስነፋ። 'ንፋሴን የናቀ ልጄን እንዴት ያከብራታል?' ብዬ ነው እናስብበት ያልኩት።"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ከዚያም ክልከላው የእሳቸው እንደነበር፣ ንቀት ሳይሆን እፍረት እንደሆነ፣ ከሰው ቤት ባዶ እጅ ገብቶ መጠየቅ ስለከበዳቸው እንዳደረጉት ተናገሩ። ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አዘዋል። ገብቷል።

እትዬ "ጋሼ፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ ያላፈርን ንፋስ ለመጠየቅ ምን አሳፈረን?" አሉ። ኋላ ማርሽ "እኔ ያኔውኑ ብያለሁ" አሉ። ብለዋል፤ ከላይ ተመዝግቧል። ቤተሰቡ ውስጥ ኋላ ማርሽ ትክክል ሆነው ሲገኙ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ አማችየው ጨብጠዋቸዋል።

የልጅቱ አባት ከመሰናበታቸው በፊት "ያ ልጅስ፣ እግሩ ዳነ?" ብለው ጠየቁ። ደህና መሆኑ ተነገራቸው። "በሱፍ ልብስ አራት ጎማ በእግር የነፋ ልጅ ሰነፍ አይደለም። በእናንተ ነው የተቀየምኩት እንጂ እሱንስ ያን ዕለት ወድጄዋለሁ" አሉ። ከበስተጀርባ ልጅቱ "አባዬ!" ስትል ተሰማ።

ጸሐፊው በዚህ ጊዜ እስክሪብቶው ስለወደቀበት ቀጥሎ የተባለው አልተመዘገበም። ጸሐፊው በጣም ደስ ብሎታል። ደስታው በአጀንዳ ስላልተያዘ በልዩ ልዩ ሥር ገብቷል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ረጅም ውይይት ሳያስፈልግ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፦ በዚህ ቃለ ጉባኤ እስከ አሁን የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ኮምፕሬሰር፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ የሚነክስም ሆነ የሚያጨስ፣ አይገዛ፤ እሑድ በተነፈሰ ጎማ እስከ ልጅቱ አባት ደጅ ተነድቶ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ንፋስ ይጠየቅ፣ ልጅቱ ቀጥላ ትጠየቅ። ንፋሱን የሚጠይቁት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው። የኮሚቴው መቋቋምም እንዳልተቋቋመ ይቆጠር።

የባር ክልከላ ግን በቀላሉ አልተነሣም። ባር የጎማ ንፋስ መለኪያ እንጂ መጠጥ ቤት አለመሆኑን አማችየው መለኪያውን አምጥተው ለእትዬ አሳይተዋል። እትዬ ቁጥሩን አንብበው፣ ጎማውን አይተው፣ ወንድማቸውን አይተው ከቆዩ በኋላ "እንደሱ ከሆነማ ሦስት ይሁንላችሁ" ብለዋል።

ከዚህ በኋላ ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሊዘጉ ሲሉ፣ መኪናው በአራቱም ጎማ እንደተኛ መሆኑ ታወሰ። እስከ ሰፈሩ ጎሚስታ ቢነዳ ጎማው እንደሚቆራረጥ ኋላ ማርሽ አስረዱ። የሁሉም ዓይን ከወንበሩ ሥር ወዳለው የእግር ፖምፓ፣ ከፖምፓው ወደ ጸሐፊው ሄደ። ጸሐፊው ማንም ሳያዘው ወረደ። አባላቱም እንዲወርዱ ጠይቆ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ግን "ጉባኤው ሳይነሣ አባል አይነሣም፣ ሥነ ሥርዓት ነው" ስላሉ ሁሉም እንደተቀመጡ ቀርተዋል። እትዬ ብቻ በመስኮት ኮቱን ተቀብለው ይዘውለታል።

በዚሁ መሠረት ጉባኤው ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከግራው የኋላ ጎማ ጀምሮ ቀስ እያለ ተነሣ።

የጸሐፊው ፊርማ፦ (አለ)

ማስታወሻ፦ ፊርማው የተንቀጠቀጠው ጸሐፊው ፈርቶ አይደለም፤ ታሞም አይደለም።